በግርጌ ማስታወሻ የተጀመረ ሥራ

እ.ኤ.አ. በ1900 ካርል ላንድስታይነር የተባሉ የቪየና ሐኪም ስለ ሴረምና ስለ ሊምፍ ጠባይ አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። የጤነኛ ሰው ሴረም ከእንስሳት ቀይ የደም ሕዋሳት አልፎ የሌላ ሰውንም ሕዋሳት ብዙ ጊዜ እንደሚያጣብቅ በጽሑፉ ግርጌ አስፍረዋል። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሠራው የደም ዓይነት ምርመራ መነሻው ያ የግርጌ ማስታወሻ ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሰማያዊውን አንቲ-ኤ እና ቢጫውን አንቲ-ቢ በስላይድ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ደም ቀላቅሎ፣ እያወዛወዙ መጠበቅ የዘወትር ሥራዬ ነው። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች ደሙ እንደ አሸዋ ሲጠጥር ካዩ ውጤቱን መዝግበው ወደሚቀጥለው ናሙና ያልፋሉ። ያን ጊዜ አስቆማቸውና ስለ ላንድስታይነር እነግራቸዋለሁ። መጣበቁን ያዩ ሌሎች ሐኪሞችም ነበሩ፤ ነገር ግን በሕመምተኞች ደም ላይ ስላዩት የበሽታ ምልክት አድርገው ወሰዱት። ላንድስታይነር ወደ ጤነኞቹ ዞሩ።

የ1901ዱ ጽሑፋቸው ሦስት ገጽ ያህል ነው። የ22 ሰዎችን ደም መረመሩ፤ ከእነዚህ መካከል የሥራ ባልደረቦቻቸውና እሳቸው ራሳቸው ይገኙበታል። የአንዱን ሴረም ከሌላው ሕዋሳት ጋር እያገናኙ፣ የተጣበቀውን በመደመር፣ ያልተጣበቀውን በመቀነስ ምልክት በሠንጠረዥ መዘገቡ። ሦስት ምድቦች ወጡ፦ ኤ፣ ቢ እና ሲ። ሲ የተባለው ኋላ ኦ ሆነ፤ አራተኛውን ምድብ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ዴካስቴሎና ስቱርሊ ጨመሩ። የሌላ ሰው ደም አንዱን ሕመምተኛ ሲያድን ሌላውን ለምን እንደሚጎዳ ይህ ግኝት ሊያስረዳ እንደሚችል ላንድስታይነር በጽሑፉ መጨረሻ ጠቆም አድርገው አለፉ። ሐኪሞች ግን ወዲያው አልሰሙም። ኒው ዮርክ ውስጥ ሩበን ኦተንበርግ የሰጪና የተቀባይን ደም አስቀድሞ ማዛመድ የጀመረው በ1907 ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ከዩሊየስ ዶናት ጋር በ1904 ያሳተሙትን ነው። ብርድ ሲመታቸው ሽንታቸው የሚጠቁር ሕመምተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ቂጥኝ ያለባቸው። ሁለቱ ሐኪሞች የእነዚህን ሰዎች ደም በቴስት ቲዩብ አቀዘቀዙት፣ ከዚያም ወደ ሰውነት ሙቀት መለሱት። ቀይ ሕዋሳቱ ፈረሱ፣ ሴረሙም ቀላ። አጥፊው አንቲቦዲ በሕመምተኛው በራሱ ሴረም ውስጥ ነበር፤ በብርድ ጊዜ ሕዋሱ ላይ ይለጠፋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ኮምፕሊመንት የሚባለው የሴረም ክፍል ሕዋሱን ያፈርሰዋል። በዚያው ዘመን ታላቁ ፖል ኤርሊክ ሰውነት በራሱ ላይ መርዝ አያመርትም የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበርና ብዙው ሰው ያመነው እሱን ነው። የሰውነት መከላከያ በገዛ ሰውነቱ ላይ ሊዘምት እንደሚችል ሕክምናው በሰፊው የተቀበለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ማስረጃው ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ታትሞ ተቀምጦ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል።

ዛሬ ይህ በብርድ የሚነሣ ሕመም በብዛት የሚታየው ቫይረስ በያዛቸው ሕፃናት ላይ ነው፤ ምርመራውም በዶናትና በላንድስታይነር ስም ይጠራል። ናሙናው ሴረሙ እስኪለይ ድረስ በ37 ዲግሪ መቆየት አለበት። ከቀዘቀዘ አንቲቦዲው ሕዋሳቱ ላይ ተለጥፎ ከሴረሙ ይጠፋል፣ የታመመው ልጅም ነጻ ነው ይባላል። ተማሪ ናሙና ይዞ መንገድ ላይ ወሬ ሲያወራ የምቆጣው ለዚህ ነው።

ላንድስታይነር በቪየና አሥር ዓመት ውስጥ 3,639 አስከሬን መርምረዋል፤ ፖሊዮ በዚሁ በሽታ ከሞተ ሰው አከርካሪ ወደ ዝንጀሮ እንደሚተላለፍም ከኤርቪን ፖፐር ጋር አሳይተዋል። አገራቸው በጦርነት ስትደቅቅ በ1919 ወደ ሄግ ተሰደዱ። እዚያ በአንድ ትንሽ የካቶሊክ ሆስፒታል የዘወትሩን የሽንትና የደም ምርመራ በእጃቸው እየሠሩ ምርምራቸውን ቀጠሉ። እኛ ቀኑን ሙሉ የምንሠራውን ያንኑ ሥራ ማለት ነው። በ1930 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ተቋም ነበሩ።

ዕድሜያቸው ከሰባ ካለፈ በኋላ፣ በ1940፣ ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር የሪሰስ ዝንጀሮ ደም በጥንቸል ላይ ወግተው ያገኙት ሴረም ከተመረመሩት የኒው ዮርክ ነጮች የ85 በመቶውን ደም አጣበቀ። አርኤች የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ብዙም ሳይቆይ ፊሊፕ ሌቪን ይህንኑ ይዞ አንዳንድ እናቶች ለምን ተደጋጋሚ ጽንስ እንደሚሞትባቸው አስረዳ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም መከላከያ አለ፦ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነች እናት አርኤች ፖዘቲቭ ልጅ ስትወልድ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የተባለ መርፌ ትወጋለች። እንዲህ ያለ ውጤት እጄ ሲገባ ወረቀቱን ልኬ ብቻ አልቀመጥም፤ ወደ ማዋለጃ ክፍል ደውዬ መርፌው መዘጋጀቱን እጠይቃለሁ።