ድመት ጉንፋን ሲይዛት፦ በቆቦና በራያ ቆላ ቤት ውስጥ የሚደረግ እንክብካቤ



በቆቦ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የራያ ቆላ ቀበሌዎች ድመት የምትያዘው ለልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። ማሽላው ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ወይም ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ከአይጥ የምትጠብቀው እሷ ናት። ሕፃናት ባሉበት ቤት የአይጥ መርዝ መበተን የማይፈልግ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ስለዚህ ድመቷ ዐይኗ ተጣብቆ፣ አፍንጫዋ ተዘግቶ ጥግ ይዛ ስትቀመጥ ቤተሰቡ የሚያጣው ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም «ጉንፋን ነው ይለቃታል» ብሎ መተው የተለመደ ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ለሰው የተገዛውን ክኒን ቆርሶ መስጠት ነው። ቫይረሱ ራሱ የማይገድላትን ድመት ረሃቡ፣ የውሃ ጥሙና ክኒኑ ይገድሏታል።

በሽታው ምንድን ነው?

የድመት ጉንፋን ከሰው ጉንፋን የተለየ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ሁለት ቫይረሶች ሲሆኑ አንዱ የድመት ሄርፐስ ቫይረስ፣ ሌላው ካሊሲ ቫይረስ ይባላል። ሄርፐሱ ዐይንና አፍንጫን ያጠቃል፤ ድመቷ ደጋግማ ታስነጥሳለች፣ ንፍጥ ይወርዳታል፣ ዐይኗ ቀልቶ በአይናር ይጣበቃል። ካሊሲው በበኩሉ ምላስና ላንቃ ላይ ቁስል ያወጣል። አፏ ስለሚያማት ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ምግብ አሽትታ ትመለሳለች። መጀመሪያ እንደ ውሃ የነበረው ንፍጥ ወፍሮ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ በቫይረሱ ላይ ባክቴሪያ ተጨምሯል ማለት ነው።

ምልክቱ ድመቷ በበሽታው ከተያዘች ከ2 እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ገደማ ይታያል። ቀለል ያለው ከ7 እስከ 10 ቀን ይሻላል፤ ጠንከር ያለው እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሄርፐሱ ግን ድመቷ ከዳነች በኋላም ከሰውነቷ አይወጣም። ስትወልድ፣ ቤት ስትቀይር ወይም ሌላ በሽታ ሲደክማት እንደገና ይነሳል። እናቲቱ ደህና መስላ ግልገሎቿ ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዐይናቸው የሚታወረው በዚህ ምክንያት ነው። ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜያቸው ላይ እየደከመ ስለሚሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት እነሱ ናቸው።

በውቂያ ሰሞን ግን ያስነጠሰች ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። የገለባ ብናኝና ለነቀዝ ተብሎ እህል ላይ የሚነሰነስ ዱቄት የማንንም አፍንጫ ይቆጣል። ዐይኗ ንጹሕ ከሆነ፣ የምትበላና የምትጫወት ከሆነ ከአቧራው አርቃችሁ አንድ ሁለት ቀን ተመልከቷት። ለነቀዝ የሚነሰነሰው ማላታዮን ግን ራሱ መርዝ ነው፤ ለሀጭ ከመንቀጥቀጥና ከጠበበ የዐይን ብሌን ጋር ካያችሁ ነገሩ መመረዝ እንጂ ጉንፋን አይደለም፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ያስፈልጋታል።

ዋናው ሥራ፦ አፍንጫዋን መክፈትና ማብላት

ድመት የማይሸታትን ምግብ አትበላም። አፍንጫዋ ሲደፈን ምግቡ ፊቷ ላይ ተቀምጦ ትራባለች። 2 ወይም 3 ቀን ሳትበላ ከቆየች ሰውነቷ ስቡን ወደ ጉበቷ ይልካል፣ ጉበቷም በስብ ታፍኖ መሥራት ያቅተዋል። በተለይ ወፍራም ድመት በዚህ ቶሎ ትጎዳለች። ስለዚህ እንክብካቤው የሚጀምረው ከምግቡ ሳይሆን ከአፍንጫው ነው።

ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ የጎደለ ጨው ጨምራችሁ አቀዝቅዙት። ንጹሕ ጥጥ ወይም የታጠበ ነጠላ ጨርቅ እሱ ውስጥ እየነከራችሁ ዐይኗንና አፍንጫዋን በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ጥረጉላት። የደረቀውን አይናር በጥፍር አትላጡት፤ እርጥቡን ጥጥ ለጥቂት ጊዜ ይዛችሁበት ሲርስ በራሱ ይለቃል። ለአንዱ ዐይን የተጠቀማችሁበትን ጥጥ ለሌላው አትድገሙት። የጨው ውሃውንም በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

ቀጥሎ እንፋሎት ነው። ድመቷን ቅርጫት ወይም የተበሳሳ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጡና ከአጠገቧ፣ ልትደርስበት በማትችልበት ቦታ፣ የፈላ ውሃ በሳፋ አኑሩ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃታል። ይህን በቆቦ የቀትር ሙቀት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አታድርጉት፤ ጠዋት ማለዳ ወይም ከመግሪብ በኋላ ይሻላል። ውሃው ውስጥ ምንም አይጨመርም። ለሰው የምናደርገው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንፋሎትም ሆነ እንደ ቪክስ ያለ ቅባት ድመትን ይመርዛል። የባሕር ዛፍን ዘይት ጉበቷ እንደኛ አጣርቶ ማስወጣት አይችልም።

አፍንጫዋ ከተከፈተ በኋላ ወዲያውኑ ምግብ አቅርቡላት። የተቀቀለ ሥጋ ወይም ትንሽ ጉበት በጣም ደቅቆ፣ በራሱ መረቅ ረጥቦ፣ ለብ ተደርጎ ይሰጣታል፤ ሙቀቱ ሽታውን ያወጣዋል። የተቀቀለ እንቁላልም ጥሩ ነው። በአንዴ ብዙ ከመስጠት ጥቂት ጥቂት እያደረጉ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ማቅረብ ይሻላል። ከወጥ የተረፈ ግን አይሆንም። ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፤ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ለጉንፋን ይበጃል ተብሎ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጦ ማጉረስማ ፈጽሞ አይገባም። ወተትም ብዙ አዋቂ ድመቶችን ስለሚያስቀምጣቸው ያለ የሌለ ውሃዋን ያሳጣታል። መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ ንጹሕ ውሃ በአፏ ጎን፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ስጧት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ቀልብሳችሁ አታንቆርቁሩባት፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።

የምትተኛበት ቦታ ቀን ቀን ጥላ ያለው፣ ሌሊት ነፋስ የማይገባበት ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አሮጌ ሽርጥ ወይም የጋቢ ቁራጭ አንጥፉላት። የቡና ጭስ፣ ዕጣንና ከሰል ባለበት ክፍል አትተዋት።

ስለ መድኃኒት

ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። አንድ ክኒን ይገድላል፤ ግማሹም ሊገድል ይችላል። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ ፊቷ ያብጣል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም በቤት አይሰጧትም። ይህን ደጋግመን ብንናገር አይበዛም፤ ክኒኑን የሚሰጣት ሰው ብዙ ጊዜ ያዘነላት ሰው ነውና።

አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይገድልም። ንፍጡ ወፍሮ ሲታይ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊግራም ስለሆነ 3 ኪሎ የምትመዝን ድመት የምትወስደው 30 ሚሊግራም ነው። ለሰው የሚሸጠው እንክብል ግን 100 ሚሊግራም ነው፤ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሳይሟሟ ጉሮሮዋ ላይ ከቀረ ደግሞ ያቆስላታል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ውሃ ወይም ምግብ ይከተለዋል። ለበሬና ለግመል የሚወጋውን መድኃኒት በግምት ማስወጋትም እንዲሁ አደጋ ነው። ወደ እንስሳት ክሊኒክ ስትሄዱ በዘንቢል አድርጋችሁ በሱቅ ሚዛን መዝኗትና ኪሎዋን ለሐኪሙ ንገሩ። ድመት ታቅፎ ክሊኒክ መግባት የሚያሳፍረው ሰው አለ፤ ሰው በሬውን ይዞ በተሰለፈበት ቦታ እኛም ተስቆብናል፤ ግን ሐኪሙ አልሳቀም።

በአፏ ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ፣ ጥላ ውስጥ ተኝታ በደቂቃ ከ40 ጊዜ በላይ የምትተነፍስ ከሆነ (ጤነኛዋ ከ20 እስከ 30 ነው)፣ አንድ ሙሉ ቀን ካልበላች፣ የዐይኗ ብሌን ነጭ ከጣለ ወይም ታማሚዋ ግልገል ከሆነች ቀን አትቁጠሩ፤ በዕለቱ ይዛችኋት ሂዱ።

ለሀጭ ከቁጣ ጋር ከመጣ ግን ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በድንገት የምትናከስ፣ መዋጥ ያቃታት፣ የኋላ እግሯ የሚከዳት ድመት የእብድ ውሻ በሽታ ይዟት ሊሆን ስለሚችል አፏን ለማየት አትሞክሩ። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዕለቱ ጤና ተቋም ይሂድ።

ለይቶ ማቆየትና የውዱእ ውሃ

የታመመችውን ከሌሎች ድመቶች ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ሳህኗም የብቻዋ ይሁን። ለይቶ ማቆየት ግን መቆለፍ ብቻ አይደለም። ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድር ነፍሳትም እንድትበላ ሳትለቃት ስለሞተችባት ሴት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲሥ የማያውቅ የለም። በሩን የዘጋ ሰው ማብላትና ማጠጣቱ ግዴታው ነው።

«አስነጥሳበት የውዱእ ውሃችን ነጀሰ ወይ?» የሚል ጥያቄም ይነሳል። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከተቀዳለት ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብሎ እንዳጠጣትና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በመካከላችን ከሚመላለሱት እንደሆነች መናገራቸውን እንደጠቀሰ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በዚህ መሠረት ብዙኃኑ ዑለማዎች ትራፊዋን ንጹሕ ሲሉ፣ የሐነፊያ ዑለማዎች ሌላ ውሃ እያለ በሱ ውዱእ ማድረግ ይጠላል ብለዋል። ሁለቱ ቫይረሶች ወደ ሰው አይተላለፉም፤ ቢሆንም የታመመች ድመት ስትነኩ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ የውሃ ዕቃውንም ክደኑት።

ካሊሲው በደረቅ ቦታ እስከ አንድ ወር ሊቆይ ይችላል። ሳህኗንና የተኛችበትን ወለል መጀመሪያ በሳሙና እጠቡ፣ ከዚያም አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ10 ደቂቃ ካቆያችሁበት በኋላ በደንብ አለቅልቁ፤ ሽታው ሳይጠፋ አትመልሷት። የሁለቱ ቫይረሶች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። ቆቦ ላይ ካልተገኘ ወልድያ ወይም ደሴ ስትሄዱ ጠይቁ፤ እስከዚያው አዲስ የመጣን ግልገል ከነባሯ ድመት ጋር ሳትቀላቅሉ 2 ሳምንት አቆዩት።