የተሸረፈው ሽልንግና የጆን ሎክ ፍርድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1695 በእንግሊዝ አገር ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው የብር ሳንቲም የክብደቱን ግማሽ ያህል አጥቶ ነበር። በመዶሻ የተመታው አሮጌ ሳንቲም ጠርዙ ልሙጥ ስለሆነ ዳር ዳሩን በመቀስ ሸርፎ ብሩን ማቅለጥ ቀላል ነው። ቅጣቱ ሞት ነበር፤ ወንዱ ይሰቀላል፣ ሴቷ በእሳት ትቃጠላለች። ሸራፊው ግን አልቀነሰም። በማሽን የተመታውን ሙሉ ሳንቲም ደግሞ ያገኘ ሁሉ ይደብቀዋል፣ ወይም አቅልጦ ወደ ውጭ ይልከዋል። ንጉሥ ዊልያም 3ኛ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ነበር፤ ለሠራዊቱ የሚልከው ገንዘብ ባሕር ማዶ ዋጋ እያጣ ሄደ።

የግምጃ ቤቱ ጸሐፊ ዊልያም ላውንደስ መፍትሔ አቀረበ፦ ሳንቲሙ እንደገና ይመታ፣ የሚይዘው ብር ግን በ20 በመቶ ይቀነስ። ገበያው አስቀድሞ የወሰነውን ሕጉም ይቀበለው ማለቱ ነው። ፈላስፋው ጆን ሎክ አጥብቆ ተቃወመ። ለእርሱ ፓውንድ ማለት የታወቀ ክብደት ያለው ብር ነው፤ መንግሥት ማኅተሙን አሳርፎ ክብደቱን ይመሰክራል እንጂ የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ብሩን መቀነስ አበዳሪውንና ባለመሬቱን መዝረፍ፣ የአገርንም ቃል ማጠፍ ነው አለ።

አቋሙ የቆየ ነው። «ሁለት የመንግሥት ድርሳናት» በተባለው ሥራው፣ ገንዘብ ዋጋ ያገኘው ከመንግሥት ውጭ፣ በሰዎች የዝምታ ስምምነት እንደሆነ ጽፎ ነበር። ንጉሥ ያለ ፈቃድ የሰው ንብረት እንዳይነካ የተሟገተ ሰው ገንዘብንም ከገዢ እጅ ለማውጣት መፈለጉን አከብራለሁ፤ ሳንቲም እያረከሱ ሕዝባቸውን የመዘበሩ ነገሥታት አውሮፓ ውስጥ ብዙ ነበሩና። ነገር ግን ከገዢው እጅ ሲያወጣው ከሕዝቡም እጅ አወጣው። ከ2 ሺህ ዓመት በፊት አርስቶትል፣ ገንዘብ የቆመው በሕግ እንጂ በተፈጥሮ አይደለም፣ መለወጡም በእኛ ሥልጣን ነው ብሎ ነበር። ሎክ የዘጋው ይህንን በር ነው።

ፓርላማው በጃንዋሪ 1696 ሎክን ተከተለ። የተሸረፈው ሳንቲም በሙሉ ዋጋው ለግብር የሚያገለግለው እስከ ሜይ 4 ብቻ ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፦ ብዙ ግብር የሚከፍል ወይም ለመንግሥት የሚያበድር ሰው ጉድለቱን ግምጃ ቤቱ ላይ አራግፎ ወጣ። የቀን ሠራተኛውና ቸርቻሪዋ ግን የተሸረፈውን እንደያዙ ቀኑ አለፈባቸው። ቅየራው 2.7 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ፤ ለመሸፈኛ ተብሎ የቤት መስኮት ሳይቀር ግብር ተጣለበት። በኖርዊች፣ በዮርክ፣ በብሪስቶል፣ በኤክሰተርና በቼስተር የሳንቲም መምቻ ቅርንጫፎች ቢከፈቱም አዲሱ ገንዘብ በቶሎ አልደረሰም። ሥራውን ሊመራ የተሾመው አይዛክ ኒውተን ራሱ፣ ቀደም ሲል ሐሳብ ሲጠየቅ የብሩን መቀነስ ደግፎ ነበር። የዕለት ግብይት ታወከ፣ በየቦታው ረብሻ ተነሣ፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው የእንግሊዝ ባንክም ያወጣውን የወረቀት ገንዘብ ሁሉ በሳንቲም መመንዘር አቃተው።

ብሩም ቢሆን አልተረፈም። በሕግ የተተመነለት ዋጋ ከገበያው ስለሚያንስ አዲሱም ሳንቲም እየቀለጠ ተሰደደ። ቦታውን ወርቅ ያዘ። በ1717 በኒውተን ምክር የጸናው የወርቅ ተመን፣ መሐል ላይ እየተቋረጠም ቢሆን እስከ 1931 ዘለቀ።

በ1696 የተሸረፈ ሽልንግ በእጃቸው የቀረባቸው ድሆች የምርጫ ድምፅ አልነበራቸውም። በ1931 ግን ወንዱም ሴቷም መራጭ ነበሩ። ሆኖም በዚያ ዓመት ኦገስት የሌበር ፓርቲ መንግሥት ፓውንዱን ከወርቅ ጋር ለማቆየት የሥራ አጦችን ድጎማ በ10 በመቶ እንዲቀንስ ተጠየቀ፤ ካቢኔው ለሁለት ተከፈለና ወደቀ። የተተካው ጥምር መንግሥት ሴፕቴምበር 21 ብሪታንያን ከወርቅ አላቀቀ። መሥዋዕትነቱ የተጠየቀበት ምክንያት በዚያው ቀን አበቃ፤ የቅነሳው ሕግ ግን ሴፕቴምበር 30 ጸደቀ። ለሥራ አጦቹ የተቀነሰባቸው ድጎማ የተመለሰላቸው በ1934 ነው።