የባንግላዴሽ ባንክ ዘረፋና የሠራተኞች ሥልጠና ጥያቄ

በጥር ወር 2008 ዓ.ም. (በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 2016) ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ በር ሳይሰበር፥ ካዝናም ሳይነካ 81 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተሰረቀ። ይህን ድርጊት ለጥናታችን የመረጥነው፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከሳይበር ወንጀል ይጠበቁ ዘንድ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል ሲባል ሥልጠናው ምንን ማስተማር እንደሚገባው በግልጥ ስለሚያሳይ ነው።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ክስ እንደ ተገለጠው፥ ነገሩ የተጀመረው ዓመት አስቀድሞ በጥር 2007 ነው። ሥራ ፈላጊ መስሎ የቀረበ ሰው ለባንኩ ሠራተኞች በኢሜይል ማመልከቻ ላከ፤ የሕይወት ታሪኩን ከኢንተርኔት አውርደው እንዲመለከቱለትም ለመነ። ፋይሉን ለማውረድ የሞከሩ ነበሩ። እነርሱን መውቀስ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከማያውቁት ሰው የመጣ ደብዳቤ መክፈት የዘወትር ሥራቸው የሆነ ሠራተኞች በየመሥሪያ ቤቱ አሉና፥ «አትክፈቱ» ብሎ ማሠልጠን ብቻውን ብዙ የሚጠቅም አይመስለንም።

ሐሙስ ጥር 26 ቀን ሌሊት፥ በባንኩ ስም 951 ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚጠይቁ 35 የክፍያ ትእዛዞች በስዊፍት በኩል ወደ ኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተላኩ። በማግስቱ ዓርብ በዳካ የስዊፍት መልእክቶችን የሚያወጣው ማተሚያ ዝም ብሎ ተገኘ። ዓርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነው፤ ተረኞቹም የተለመደ ብልሽት ነው ብለው ጥገናውን ለማግስቱ አቆዩት። ማተሚያው ሲነሣ የኒው ዮርክን የጥያቄ መልእክቶች አወጣ፤ ኒው ዮርክ ግን ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነበር። ሰኞ ደግሞ ማኒላ በቻይናውያን አዲስ ዓመት ተዘግታ ዋለች፤ ማክሰኞ አብዛኛው ገንዘብ ከአንድ ቅርንጫፍ ባንክ ወጣ፤ ኋላም ወደ ቁማር ቤቶች ገባ።

ከትእዛዞቹ 30ው በኒው ዮርክ ተያዙ። ካለፉት አምስት አንዱ ወደ ስሪ ላንካ የሚሄድ 20 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ ላይ «ፋውንዴሽን» ተብሎ መጻፍ የነበረበት «ፋንዴሽን» ተብሎ ስለ ነበር፥ ክፍያውን ያስተላልፍ የነበረው ዶይቸ ባንክ ማብራሪያ ጠየቀ። በተቀባዩ ባንክም መጠኑ ለአገሩ በዝቶ ታየ። ገንዘቡም ቀረ። ፊደል ለማረም የኮምፒዩተር ዕውቀት አያሻም!

የባንኩ ኔትዎርክ ጥበቃ ደካማ እንደ ነበር የአገሩ ፖሊስ ተናግሯል፤ ያን ጉድለት የሠለጠነ ሠራተኛ ይሸፍነዋል ማለታችን አይደለም። ስዊፍት በግንቦት 2008 ባወጀው የደኅንነት ፕሮግራም የሠራተኞችን ሥልጠና ከግዴታዎቹ አንዱ አድርጎታል። በእኛ አስተያየት ግን ሥልጠናው የአጭበርባሪ ደብዳቤ ናሙና በማሳየት የሚያበቃ ከሆነ የዳካውን ዓርብ አይነካውም። ተረኛው ማተሚያው ዝም ሲል በዕረፍት ቀን ለማን እንደሚደውል፥ በከንቱ ቢደውልም እንደማይነቀፍ አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ከ81 ሚሊዮኑ በኅዳር 2009 ወደ ዳካ የተመለሰው 15 ሚሊዮን ያህል ነበር።