ባትሪ በሞተረኛ ቤት

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እርሳስን በሰልፈሪክ አሲድ ነክሮ፣ ባለቀ ቁጥር እንደገና የሚሞላ ባትሪ ሲሠራ ሞተር ሳይክል ገና አልተፈለሰፈም። የመጀመሪያዎቹ ሞተረኞች ለካንዴላ ብልጭታ በባትሪ ተማመኑ፤ በጉዞ ላይ የሚሞላው ዲናሞ ግን አልነበረም። ስለዚህ ቦሽ በ1902 ያወጣው ባለከፍተኛ ቮልት ማግኔቶ፣ ብልጭታውን ያለ ባትሪ ራሱ ስለሚያመነጭ ትልቅ እፎይታ ሆነ። የፊት መብራቱም ካርባይድ ከውሃ ሲገናኝ በሚወጣው ጋዝ ይበራ ነበር።

በ1914 የአሜሪካው ኩባንያ ኢንዲያን፣ ሄንዲ ስፔሻል የተባለ ሞተር ሳይክል አወጣ፤ ሞተሩን የሚያስነሳ ሞተሪኖ ከሁለት ባለ6 ቮልት ባትሪዎች ጋር የተገጠመለት ነበር። ሐሳቡ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። ባትሪዎቹ ግን የሞተሪኖውን ፍላጎት አልቻሉም፤ ሞዴሉም ከዚያ ዓመት አላለፈም።

በ1920ዎቹ የኤሌክትሪክ መብራት ሲለመድ ባትሪው ከነጣጣው ተመለሰ። በእንግሊዝ ቀጥተኛ ጅረት በነበረባቸው ከተሞች ሞተረኛው ባትሪውን ፈትቶ ወደ ቤት ያስገባና ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር በአምፖል በኩል ያገናኘው ነበር። አምፖሉ ጅረቱን ይገታለታል፤ እግረ መንገዱንም ክፍሉን ያበራል። ዘዴው ብልህ ቢሆንም አደገኛ ነበር፤ የሚሞላ ባትሪ ሃይድሮጂን ስለሚለቅ ለፍንዳታ ትንሽ ብልጭታ ትበቃዋለች።

የባለቤቱ ዋና መሣሪያ የአሲዱን ጥግግት የሚለካው ሃይድሮሜትር ነበር፤ ከመሣሪያዎቹም ሁሉ ይበልጥ የሚታመነው እሱ ነበር። ባትሪ ሲደክም አሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ እርሳሱ ይሄዳል፤ ፈሳሹም ወደ ውሃነት ይቀርባል። ከመስታወቱ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ 1.270 አካባቢ ካሳየ ባትሪው ሞልቷል፤ ወደ 1.120 ከወረደ ባዶ ነው። ባዶውን ከተተወ ሰልፌቱ ይጠነክራል፣ አቅሙም አይመለስም። በክረምት ሞተሩን ለወራት ለሚያቆም አውሮፓዊ ሌላም ስጋት ነበር፦ ባዶ ባትሪ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ይሆንና መያዣው ይሰነጠቃል። የሞተር ሳይክል ባትሪ ትንሽ በመሆኑ አሲዱም ጥቂት ነው፤ ቸልታን አይታገሥም። የሚጎድለው ግን ውሃው ብቻ ስለሆነ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ እንጂ አሲድ አልነበረም።

ሆንዳ በ1969 ሲቢ750ን ባለ12 ቮልትና ባለሞተሪኖ አድርጎ ሲያወጣ፣ ባትሪው እንደገና የሞተሩ ልብ ሆነ። ብርሃን የሚያሳልፈው የፕላስቲክ መያዣ የፈሳሹን ልክ በላይኛውና በታችኛው መስመር ስለሚያሳይ ክዳን መክፈት አላስፈለገም። የአሲዱ ትንፋሽ ሰንሰለቱን እንዳይበላ ቀጭን ቱቦ ወደ ታች ይወርድ ነበር፤ ሲታጠፍ ጋዙ ስለሚታፈን መፈተሹ የባለቤቱ ተግባር ነበር።

ቀጥሎ አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ የተመጠጠበት የታሸገ ባትሪ መጣ። ሃይድሮሜትሩ ማስገቢያ አጣ፤ ቦታውን ቮልትሜትር ወሰደ። ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ደህና ነው፤ 12.4 ከሆነ መሞላት ይፈልጋል። ቆሞም ቢሆን ሰዓቱና ማንቂያው ጅረት ስለሚጠቡ፣ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር በየጋራዡ ተለመደ። የሊቲየም ባትሪ ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ ተጨመረ፦ ሰልፌት ለመስበር ቮልት ከፍ የሚያደርግ የእርሳስ ባትሪ ቻርጀር ለሊቲየም አይሆንም።