ኤድዋርድ (የተጸውዖ ስም)

ኤድዋርድ በእንግሊዞች ዘንድ ለወንድ ልጅ የሚወጣ ጥንታዊ የተጸውዖ ስም ነው። የወጣው አንግሎ ሳክሶን የተባሉት አበው ይናገሩት ከነበረው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ ሲሆን፥ ሁለት ቃላት ተጋብተው ሠርተውታል፤ «ኤአድ» ሀብትን፥ ሲሳይንና መልካም ዕድልን፥ «ዌአርድ» ዘብንና ጠባቂን ያመለክታልና፥ በአንድነት «ዐቃቤ ሀብት» እንደ ማለት ይሆናል። ኤድመንድ፥ ኤድዊንና ኤድጋር የተባሉትም ስሞች በፊተኛው ክፍላቸው ከዚሁ ጋር ይዛመዳሉ።

በስሙ ከተጠሩት ነገሥታት ቀዳሚው ከ899 እስከ 924 (እ.ኤ.አ.) የነገሠው የታላቁ አልፍሬድ ልጅ ነው፤ በ978 በኮርፍ በግፍ የተገደለው ወጣት ንጉሥም ሰማዕት ተብሎ ይታሰባል። የስሙን ዕድል የወሰነው ግን ከ1042 እስከ 1066 የነገሠው፥ የዌስትሚንስተርን ታላቅ ደብር ያሳነጸውና ደሙን ሳያፈስ በምግባሩ ሃይማኖቱን መስክሯል ተብሎ «ተአማኒ» የተሰኘው ኤድዋርድ ነው። እርሱ ባረፈበት ዓመት ኖርማኖች አገሪቱን በጦር ድል ነሥተው ሲይዙ፥ ዊልያም፥ ሮበርትና ሪቻርድ የሚባሉት የባዕድ ስሞች በመኳንንቱም በባላገሩም ቤት ስለ ገቡ፥ የአገሬው ስሞች አብዛኞቹ እየተረሱ ሄዱ። ኤድዋርድ ከዚህ ጥፋት የተረፈው በቅዱሱ ክብር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም፤ ድል አድራጊው ዊልያም ራሱ ዙፋኑን ይገባኛል ያለው ይህ ንጉሥ ቃል ገብቶልኛል በማለት ነበርና፥ መታሰቢያውን የሚያቃልል አልተገኘም፤ በ1161ም የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ሣልሳዊ እስክንድር ከቅዱሳን ቆጠሩት። ከዚያም ቅዱሱን አብዝቶ ያፈቅር የነበረው ንጉሥ ሣልሳዊ ሄንሪ፥ በአባት በእናቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኖ ሳለ፥ በ1239 የተወለደለትን የበኵር ልጁን ኤድዋርድ ብሎ ሰየመው፤ ደብሩንም በአዲስ ሕንጻ አሳንጾ የቅዱሱን ዐፅም በ1269 አፈለሰ። ከ1272 እስከ 1377 አባት፥ ልጅና የልጅ ልጅ በዚሁ ስም ተከታትለው ስለ ነገሡ፥ ስሙ ዳግመኛ የሕዝብ ሆነ።

የሣልሳዊው ኤድዋርድ የልጅ ልጅ ፊሊፓ ለፖርቱጋል ንጉሥ ስለ ተዳረች፥ ልጇ በዚያ «ዱዋርቴ» ተብሎ ከ1433 እስከ 1438 ነግሧል። በኢትዮጵያም ስሙ በቤተ መንግሥት የታወቀ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ ራስ መኰንንን በ1902 ወደ ለንደን የላኩት ለሳብዓዊው ኤድዋርድ የዘውድ በዓል ነው። በቁልምጫ ጊዜ እንግሊዞቹ ኔድ፥ ቴድ ወይም ኤዲ ይሉታል።