ዘፈኑ ይሰማል፣ ፊልሙ ዲዳ ነው
ሊኑክስ ላይ ዘፈኑ እየተሰማ ፊልሙ ዲዳ ሲሆን ለድምፅ ማጉያው አትፍረዱበት፤ ነገሩ ታሪክ አለው።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮግራሞች ድምፅ የሚያወጡት በኦኤስኤስ በኩል ነበር። በብዙ ኮምፒውተሮች ካርዱን ቀድሞ የያዘው ፕሮግራም ሌላውን ደጅ ያስጠና ነበር። በ2003 ሊኑክስ 2.6 አልሳን ይዞ መጣ። በ2007 ደግሞ ፌዶራ 8 የሁሉንም ድምፅ ቀላቅሎ ለካርዱ የሚያቀብለውን ፐልስኦዲዮን አስገባ። አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ግን በቀጥታ ወደ ካርዱ ይሄዱና «ተይዟል» ይባሉ ነበር። መድኃኒታቸው ፓድኤስፒ የምትባል ትዕዛዝ ነበረች፤ ወደ ፐልስኦዲዮ ታዞራቸዋለች።

በ2021 በፌዶራ 34 ቦታውን የተረከበው ፓይፕዋየር የፐልስኦዲዮንም፣ የአልሳንም ፕሮግራሞች ያስተናግዳል። አዲስ ቤት ሲሠራ የቀድሞውን ነዋሪ ማሰብ ይህን ያህል ዓመት ፈጀ። በመሃል «ሊኑክስ ለኛ አይሆንም» ብሎ የሄደውን ማን ይመልሰው?