ትራኪኦስቶሚ ቱቦ

ትራኪኦስቶሚ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ አንገት ላይ በቀዶ ሕክምና የሚከፈት የመተንፈሻ ቀዳዳ ነው። ቱቦው በዚያ በኩል ወደ ትንፋሽ ቧንቧ ይገባል።

ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ዋናው መለያ ግን ጫፉ አጠገብ ያለችው ፊኛ ናት። ፊኛ ያለው ቱቦ በቬንቲሌተር ለሚተነፍስ ሕመምተኛ ይመረጣል። ፊኛዋ ስትነፋ በቱቦውና በትንፋሽ ቧንቧው መካከል ያለውን ክፍተት ስለምትዘጋ፣ ማሽኑ የሚገፋው አየር ወደ ላይ ሳያመልጥ ሳንባ ይደርሳል። አነፋፏ ልክ አለው፤ ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ነው። ከዚያ ሲያልፍ የቧንቧውን ግድግዳ ደም አሳጥቶ ያቆስላል። በራሱ ለሚተነፍስና ምራቁን በደህና ለሚውጥ ሰው ፊኛ የሌለው ይበቃል።

ድርብ ቱቦም አለ፤ አክታ ሲጋገርበት ውስጠኛው ብቻ ወጥቶ ይጸዳል። ቤት ውስጥ ለሚያስታምም ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ይመስለኛል። ጀርባው የተበሳው ደግሞ አየር ወደ ድምፅ አውታር አሳልፎ ለንግግር ይረዳል።

አስታማሚ ሁሉ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው ስለ ንግግር ቫልቭ ነው። ቫልቩ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም፤ የገባው አየር መውጫው በቱቦው ዙሪያ ወደ አፍና አፍንጫ ነው። ፊኛዋ ተነፍታ ሳለ ቫልቩ ከተገጠመ ሕመምተኛው ይታፈናል። ስለዚህ ፊኛዋ አስቀድማ ሙሉ በሙሉ መተንፈስ አለባት። ከአንገት ውጭ የተንጠለጠለችውን ትንሿን ፊኛ በጣት ይጫኗት፤ ጠንከር ካለች ውስጠኛዋም አልተነፈሰችምና ቫልቩ አይገጠም።